ኮምፒውተሬን ላፋጥን ብዬ

ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ ሕልም የሚያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እነሆ ተገናኘን። መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጀርባዋን ለማንጎ ዛፎች የሰጠች አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ። እዚያ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ስክሪኑ መሀል ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ትጀምራለች። እሷ መዞር ስትጀምር እኔ መሄድ እጀምራለሁ። የማንጎው ጥላ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል፤ ወንዙ ከታች ያጉተመትማል፤ ዓይኔ ክፍት እንደሆነ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ እግሬን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። አንዳንዴ ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው አባቴ ይመጡና «ያቺን ጥጃ የት አሰርካት?» ይሉኛል። ጥጃዋን ልፈልግ ብድግ ስል እነቃለሁ። ክቧ እዚያው ናት፤ ትዞራለች።

ባለቤቴ «አንተና ኮምፒውተሩ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ተወዳደሩ» ትለኛለች።

ቀርፋፋ ነው አልኩ እንጂ ውለታ የለበትም አላልኩም። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ የከተማው ሰው ልጁንና ዱቄቱን ይዞ ወደ ደሴ ሲተም፣ እኔ ሲፒዩዬን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ አህያ ላይ ጭኜ፣ ወደ ሲሪንቃ ሄድኩ። ሲሪንቃ ደግሞ ተኩሱ በሚመጣበት በኩል ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አንተ ሰው፣ ወዴት ነው?» ይለኛል። «ቶሎ እመለሳለሁ» እያልኩ አልፋለሁ። አጎቴ ዘንድ ደርሼ የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ቀበርኩትና ስሮጥ ተመልሼ ቤተሰቤን ውርጌሳ ላይ ደረስኩባቸው። ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። እሷ ሦስት ልጅ ስታሸሽ እኔ አንድ ኮምፒውተር ማሸሼን እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። ትክክል ናት።

ያም ሆኖ፣ ጊዜው ትንሽ ረግቶ ስንመለስ በሰፈራችን የተረፈ ኮምፒውተር እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሌላው ሰው ወይ ተወስዷል ወይ ተሰባብሯል። የእኔ ግን ውስጡ አይጥ ጎጆ ከመሥራቷ በቀር ደኅና ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። መታወቂያው የጠፋበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ማስረጃ የሚፈልግ፣ ሁሉም ደጄ ላይ ይሰለፋል። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈልጌ አላውቅም። ትንሽ ኮርቼ ነበር መሰለኝ።

ችግሩ መብራቱ ነበር። የተበጣጠሰው መስመር ገና እየተቀጠለ ስለነበር መብራት በቀን አንዴ ረፋዱ ላይ ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሄዳል። ስልክ አይሠራም። ቤንዚን እንደ ሽቶ በትንንሽ ጠርሙስ ነው የሚገኘው። ኮምፒውተሬ ደግሞ ለመነሣት አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ የፎቶውን ፕሮግራም ለመክፈት ሰባት፣ የጽሕፈቱን ለመክፈት አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ለሥራ የምትተርፈውን ጊዜ እናንተ አስሏት።

እማማ ዘሃራ የመጡት በአንድ ማክሰኞ ነው። አጠገባችን ካለችው ከግራና ከተማ ተነሥተው። ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። ዱላ ይዘዋል፤ ግን አይመረኮዙትም፣ የሚጠቁሙበት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። የጠፋ ሰው የሚፈለግበት ወረቀት አንተ ዘንድ ይሠራል አሉኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም እማማ። አረፍ ይበሉ። ማን ነው የጠፋው?»

«ይመር ነው፤ ባለቤቴ። ስንሸሽ ውርጌሳ ላይ ሰውና ከብቱ ተደባልቆ አህያችን ገመዷን በጥሳ ሄደች። እሱም 'መጣሁ' ብሎኝ ተከተላት።» ዱላቸውን በደጁ በኩል ወደ መንገዱ ጠቆሙት። «ይኸው እስካሁን እየመጣ ነው።»

ፎቶ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ሳቅ አሉ።

«ፎቶው ያለው አንተ ዘንድ ነው እንጂ! ከሁከቱ በፊት ለመታወቂያ አንስተኸው የለ? መታወቂያው ከሱ ጋር ነው፤ ሌላ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።»

ነገሩ ይህ ነው። ጋሽ ይመር በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው ብቸኛ ፎቶ በዚያ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነበር። እህል የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ወረቀቱን ውርጌሳም፣ ሐይቅም፣ ደሴም እለጥፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። የሚሄደው ቅዳሜ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመለስ ራሱም አያውቅም።

ያን ዕለት መብራቱ መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። የፎቶውን ፕሮግራም አዘዝኩት፤ ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ አርማው ብቅ አለ፣ መብራቱ ሄደ። እማማ ዘሃራ ጥቁር የሆነውን ስክሪን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ሰይድ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ኮምፒውተርም ይጠግናል። ሱቁን ዘርፈውት ባዶ መደርደሪያ ስር ቁጭ ብሎ አንዲት ሬዲዮ በከሰል በጋለ ብረት ሲበይድ አገኘሁት። ችግሬን ነገርኩት።

«ቀላል ነው» አለ ቀና ሳይል። «ፕሮግራም በከፈትክ ቁጥር ከሃርድ ዲስኩ እየተፋቀ ነው የሚመጣው። ለዚያ ነው የሚዘገየው። አስቀድመህ ራሙ ላይ፣ ቶሎ የሚያነሣበት ማስቀመጫው ላይ፣ ብትጭነው ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፤ ስትጠራው ከች ይላል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው እንዲነሡ አድርጋቸው።»

እንዴት እንደሚደረግ አሳየኝ። የቀረውን አልሰማሁም። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊወጣ ነበርና ሮጥኩ። ከኋላዬ ሰይድ አንድ ነገር ይጮኻል፤ እኔ ደኅና ግባ የሚለኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩለት።

በመንገዱ ሁሉ አለምኩ። ሲሪንቃን ሳልፍ የሙከራ እርሻው አረንጓዴ ሆኖ በመስኮቱ ይፈስሳል፤ እኔ ግን የማየው ራም የሚባል ሰፊ አዳራሽ ነው። ፕሮግራሞቼ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሰው ዳርና ዳር ቆመዋል። «ፎቶ!» ስል ፎቶው አንድ እርምጃ ወደፊት ይራመዳል። «ጽሕፈት!» ስል ጽሕፈቱ ጎንበስ ይላል። ሚኒባሱ መርሳ ሲቆም ረዳቱ ትከሻዬን ነቅንቆ አወረደኝ።

ረቡዕ ዕለት የመጣውን መብራት በሙሉ ለዝግጅቱ አዋልኩት። መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ ልጭን ነበር። ከዚያ ሌሎቹ አሳዘኑኝ። የሠርግ ካርድ መሥሪያው ለምን ይቀራል? የሶላት ሰዓት የሚናገረውስ? ልጆች ፊደል የሚማሩበት፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃው፣ ሒሳብ ማስያው... ስጨርስ አሥራ አንድ ሆነዋል። ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሰውም ንግግር አደረግሁ።

«ከነገ ጀምሮ መጠበቅ የለም! ሁሉም አስቀድሞ ተጭኗል። ስም መጥራት ብቻ ነው!»

ሰዎቹ አመሰገኑኝ። አንድ ሽማግሌ መረቁኝ። እማማ ዘሃራ ግን ዱላቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ጠቁመው «ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይነሣል?» ብለው ጠየቁ። ሳይንሱ ስላልገባቸው ነው ብዬ በፈገግታ አለፍኩት።

ሐሙስ። መብራቱ መጣ፤ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ክቧ መዞር ጀመረች፤ እኔም እንደ ልማዴ ሄድኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። የቀሰቀሰኝ አዛን ነው።

የኮምፒውተሩ የሰዓት ባትሪ አገዳው ውስጥ ሳለ ሞቶ ኖሮ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እሱ ቀትር ሆኖበታል። ሁለት አዛውንቶች ከሰልፉ ወጥተው ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱ ውሃ ጠየቁኝ። እማማ ዘሃራ ወደ ደጅ ወጥተው ፀሐይዋን አዩና ተመለሱ።

«ተቀመጡ፣ ገና ነው። የዚህ ልጅ ሙአዚን ተሳስቷል።»

አዛኑ ሲያልቅ እፎይ ብዬ ማውሱን ልይዝ ስል ሌላ ድምፅ መጣ፦ «ልጆች! አብረን እንበል፤ ሀ፣ ሁ!» ማውሱን ገፋሁት፤ አልሄደም። «ወደ ቀኝ ከመታጠፍዎ በፊት ፍሬቻ ማሳየት አለብዎት» አለ የመንጃ ፈቃዱ። በሰልፉ ፊት የነበሩት ሽማግሌ በቀኛቸው ዞር ብለው አዩ። ሒሳብ ማስያው ተከፈተ፤ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀምኩበት የካርታ ጨዋታ ተዘረጋ። ማውሱን የገፋሁት አሁን ገና ደርሶት ፍላጻው ብቻውን ስክሪኑን አቋርጦ ሄደ። ሃርድ ዲስኩ እንደ እህል ወፍጮ ይፈጫል። በስተመጨረሻ ስክሪኑን የሞላው የሠርግ ካርድ ነው። በጽጌረዳ ተከቦ «እንኳን ደስ አላችሁ!» ይላል፤ ብልጭ ድርግም።

«ማን ሊያገባ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«እኔ የጠፋውን ላግኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ እማማ ዘሃራ፣ «አዲስ አምጡልኝ አላልኩም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ የሠርጉን ካርድ ልዘጋ ስታገል፣ ጽጌረዳዎቹ አንድ ጊዜ ብልጭ አሉና መብራቱ ሄደ። የፎቶው ፕሮግራም ተራው እንኳ አልደረሰውም።

ሰዉ ቀስ በቀስ ወጣ። እማማ ዘሃራ ብቻ አግዳሚው ላይ ቀሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ ጁምዓ ነው። ከነገ ወዲያ መኪናው ይሄዳል።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«ይኸው ሁለት ወር ሙሉ በሬን ቀርቅሬ ተኝቼ አላውቅም። ሲመጣ እንዳያንኳኳ ብዬ። ቶሎ ይቆጣል፤ ማንኳኳት አይወድም።»

ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን አቃጥዬባቸዋለሁ፤ ያቃጠልኩትም ፈጣን ልሁን ብዬ ነው።

እንደገና ወልድያ። ሰይድ ገና ሲያየኝ «ራምህ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሁለት ጊጋ።»

የሚበይድበትን ብረት አስቀመጠ። «ስንት ፕሮግራም ጫንክ?»

«አሥራ አንድ።»

«ለሁለት ጊጋ? እኔኮ 'ራምህ ሰፊ ከሆነ ነው!' እያልኩ ስጮኽልህ ነበር። አንተ እጅህን ታወዛውዛለህ!» ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። «ራሙ ሲሞላ የተረፈውን መልሶ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያራግፈዋል። ሲፈልገው ደግሞ ሌላውን አራግፎ ያነሣዋል። እንዲህ ሲያነሣና ሲጥል ይውላል። አስቀድሞ መጫን ጊዜ አይፈጥርልህም ወንድሜ፤ ኋላ የምትጠብቀውን ፊት እንድትጠብቅ ነው የሚያደርግህ። ቦታ ካለህ፣ ሁልጊዜም የምትሠራበት ከሆነ ጥሩ ነው። ለመሆኑ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ምን ያደርግልሃል?»

መኪና የለኝም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት አልገረማትም። «ወልድያ ድረስ ምን አስኬደህ? ዘመዶቼ ከቆቦ ሸሽተው መጥተው ሁለቱ ክፍል ውስጥ ሲተኙ አላየህም? አንዲት ብርጭቆ ለማንሣት ስንት ሰው ነበር የምናስነሣው?» አለችኝ። ይህን ቀደም ብላ ብትነግረኝ ኖሮ የትራንስፖርቱ ይቀርልኝ ነበር። እሷ ግን ቀደም ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ትላለች።

ዓርብ ዕለት ሰይድ እንዳሳየኝ ገና ሲነሣ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ይዤ፣ ኮምፒውተሩን ባዶውን አስነሣሁት። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ያ ነጭ የለበሰ ሠራዊቴ አንገቱን ደፍቶ ከአዳራሹ ሲወጣ ታየኝ፤ ሠርጉ ከነጽጌረዳው፣ ፊደሉ፣ የመንጃ ፈቃዱ። አንዱን ብቻ፣ የፎቶውን፣ መልሼ አስገባሁት። እሱን እንደጨረስኩ መብራቱ ሄደ። እማማ ዘሃራ ጁምዓ እንዳያመልጣቸው ብለው ተነሡ፤ ከደጁ ሲወጡ ግን እጃቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፈው፣ የታመመ ሰው እንደሚነካ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

ቅዳሜ ሾፌሩ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ይጠብቃል። መብራቱ ዘገየ፤ አምስት ሰዓት አለፈ። ሲመጣ ሰልፈኛው ሁሉ ተራውን ለእማማ ዘሃራ ለቀቀ። ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያን ቀን እንዳላልም ቆሜ ነበር የምጠብቀው። ኮምፒውተሩ ፎቶውን ተሸክሞ ሲነሣ አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀ፤ ከዱሮው አምስት ደቂቃ ይበልጣል። ፕሮግራሙ ግን ከች አለ! ዱሮ ሁለቱ ተደምረው አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ያ ሁሉ ወልድያ መመላለስ፣ ያ ሁሉ ንግግር፣ ሁለት ደቂቃ አተረፈልኝ።

ሁለት ደቂቃ ግን እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። ፎቶዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። አንድ በአንድ ማሳለፍ ነበረብኝ።

ያን ጊዜ ሕልሙ ሰልፈኛውን ሁሉ ወሰደው። ከጦርነቱ በፊት የነበረው ከተማ በስክሪኑ ላይ ያልፍ ጀመር። ፀጉሩን በውሃ ያበጠረ ተማሪ፣ ኮት የተዋሰ ገበሬ፣ ሻሿን እያስተካከለች የተነሣች ሙሽራ፤ ሁሉም ከዚያው ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለው ያዩናል። ከኋላዬ ስማቸውን ይጠራሉ። «ይቺ ወልዳለች፤ ኮምቦልቻ ናት።» «ይህ የኛ ጎረቤት ነው።» «ይህ...» ይልና አንዱ ዝም ይላል፤ ሌላውም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። አንዲት ሴት «ትንሽ አቁምልኝ» አለችኝ። ወንድሟ ነበር። አቆምኩላት። ማንም ቸኩል አላለኝም፤ እማማ ዘሃራም አላሉኝም። ሴትዮዋ ራሷ «በቃ፣ ሂድ» አለች።

«እሱ ነው!» ዱላው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። «ይመር ነው!»

ከሥሩ «መርሳ ፎቶ ቤቱን ይጠይቁ፤ ዘሃራ ግራና ቤቷ ትገኛለች» ብዬ በዚያው በፎቶው ፕሮግራም ጻፍኩበት፤ የጽሕፈቱን አምስት ደቂቃ መጠበቅ አልቻልኩም። ፕሪንተሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ስድስት አወጣ። በሰባተኛው ላይ ግንባሩ ብቻ እንደወጣ መብራቱ ሄደ።

ስድስቱን ሰብስቤ ወደ ደጅ ብርሃን ሳወጣቸው ነው ያየሁት። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዓይናቸው የተገለጠበት ሌላም አንስቻቸው ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እሱ ነበር። አሁን የለም፤ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ይሄ...»

«እሱ ነው» አሉ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው። «ሊያዩት ሲሉ መጨፈን ልማዱ ነው።» ለሾፌሩ ራሳቸው አስረከቡት።

ከዚያ በኋላ እማማ ዘሃራ በየሁለት ቀኑ ይመጡ ነበር። ደጁ ጥግ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወሬ እንዳለ አይጠይቁም። መብራት ሲመጣ ያያሉ፤ ሲሄድ ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በአንድ ሞቃት ቀን፣ አንድ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ በሩን ሞልተው ገቡ። እጃቸው ላይ ጫፉ የተቀደደ ወረቀት አለ። ጠረጴዛዬ ላይ ጠፍ አደረጉት።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

አየኋቸው፤ ወረቀቱን አየሁ። «ጋሽ ይመር?»

«ዓይኔን ጨፍነህ ትለጥፈኛለህ? ሐይቅ ላይ ይህን ያየ ሁሉ የሞትኩ መስሎት ከንፈሩን ይመጥጣል! መስጊድ ደጅ ቆሜ የማላውቀው ሰው አልቅሶ ዱዓ አደረገልኝ። 'እኔ ነኝ፣ አለሁ' ስለው ደንግጦ ሮጠ! ደሴ ፈለግኋት፣ ኮምቦልቻ ፈለግኋት፤ እሷ ግራና ቤቷ ተቀምጣ እኔን ሞተ ታስብለኛለች? አሁኑኑ ዓይኔ የተገለጠበትን...»

«ዱዓው አይደል እንዴ ያመጣህ?» አለ ከደጁ ጥግ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ይመር አፋቸውን እንደከፈቱ ዞሩ። እማማ ዘሃራ ከአግዳሚው አልተነሡም፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረኮዙት አየሁ።

«ዘሃራ» አሉ ጋሽ ይመር።

«ከሳህ» አሉ እሳቸው። ጋሽ ይመር ፎቶውን ረሱት። እኔም ወደ ማንጎዎቹ ዞሬ ብዙ ጊዜ አየሁ።

ወደ ግራና ሲሄዱ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። እማማ ዘሃራ ፊት ፊት፣ ጋሽ ይመር ኋላ ኋላ። ጋሽ ይመር ስለ አህያዋ ይተርካሉ፤ ሐይቅ ድረስ ተከትለዋት ይዘዋታል፣ ለሰው አደራ ሰጥተዋታል፣ ነገ ሄደው ያመጧታል። እማማ ዘሃራ «አትሄድም» ይላሉ። አቧራው ውስጥ እየደበዘዙ እስኪጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። እማማ በየአሥር እርምጃው ዞር ይሉ ነበር።